የደፋሁት ብልቃጥ፦ ነዳጅ የሚበሉ የባሕር ባክቴሪያዎችና የሳሙናቸው ታሪክ

የቀድሞ ተማሪዎች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚባለው «ወፈርክ» ወይም «ሸበትክ» ነው። ቀጥሎ ደግሞ አንዱ «ለመሆኑ ሲኒየር ኤሴይህን በምን ላይ ነበር የሠራኸው?» ማለቱ አይቀርም። ይህ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ወሬ እቀይራለሁ። ዘንድሮ ግን የመጽሐፋችን አዘጋጆች «የታሪክ ጽሑፍ አምጣ» ሲሉኝ፣ በቃ ልናዘዘው ብዬ ወሰንኩ።

በ1987 ዓ.ም. የባዮሎጂ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ርዕሴ ነዳጅ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ነበር። ጋራዥ ሰፈር ሄጄ የተቃጠለ ዘይት ሲደፋበት የኖረ ጥቁር አፈር በላስቲክ ቋጥሬ አመጣሁ። ጨዋማ ውሃ፣ ትንሽ ናፍጣ፣ ከአፈሩም አንድ ማንኪያ ብልቃጥ ውስጥ ጨምሬ እየወዘወዝኩ ጠበቅሁ። ከብልቃጦቹ አንዱ በሳምንቱ ወተት መሰለ። ናፍጣው ከላይ መንሳፈፉን ትቶ ውሃው ውስጥ ተበትኗል፤ ዳር ዳሩም አረፋ ይዟል። «ይሄማ ተበላሽቷል» ብዬ ደፋሁት። የቤተ ሙከራው ሠራተኛ፣ ጋሼ የምንላቸው አዛውንት፣ «ምነው ልጄ፣ መምህርህን ሳታሳይ?» ቢሉኝም አልሰማሁም። ተመረቅሁ፤ ጋዋን ለብሼም ፎቶ ተነሳሁ። የደፋሁት ነገር ሰዎች ሆን ብለው የሚፈልጉት ምልክት መሆኑን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

እንግዲህ ያ ወተት ምን እንደነበር፣ ዓለምም እንዴት እንዳወቀው ላውጋችሁ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድስት ያጠበ ሁሉ የሚያውቀው

ወጥ የተሠራበትን ድስት በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ለማጠብ የሞከረ ሰው የነገሩን ግማሽ ያውቀዋል። ቅባትና ውሃ አይስማሙም። ሳሙና አስታራቂ ነው፤ የሞለኪዩሉ አንድ ጫፍ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፍ ቅባት ይወዳል። በሁለቱ ድንበር ላይ ቆሞ ቅባቱን ወደ ደቃቅ ጠብታዎች እንዲሰባበር ያደርገዋል። ጠብታዎቹ ውሃው ውስጥ ሲበተኑ ብርሃን ስለሚያናውጡ ፈሳሹ ነጭ ይመስላል። ወተት ራሱ ነጭ የሆነው በዋናነት በዚሁ ዓይነት ምክንያት ነው።

አንዳንድ ሕያዋን ይህን አስታራቂ ራሳቸው ይሠሩታል፤ ሳይንሱ ባዮሰርፋክታንት ይለዋል። ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያጠቡበት እንዶድ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል የዚሁ ወገን ንጥረ ነገር ስላለው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩትና ለቢልሃርዚያ መከላከያ የሚሆን ግኝት ያገኙት በዚህ ሳሙና ምክንያት ነበር። ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ ሌላው ሰው አልፎት የሚሄደውን ነገር ቆም ብለው አዩት። ሁለተኛ፣ ከሕያው ነገር የተገኘ ሳሙና ሁሉ ለውሃ ፍጥረት ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። ሁለቱም ወደ ኋላ ይመጣሉ።

ባክቴሪያዋ ሳሙና ምን ያደርግላታል? የምትኖረው ውሃ ውስጥ ነው፤ ምግቧ ደግሞ ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ነዳጅ ነው። መቅረብ የምትችለው የጠብታውን ገጽ ብቻ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠብታ የመቶኛ ሚሊ ሜትር ስፋት ወዳላቸው ጠብታዎች ቢሰባበር አጠቃላይ ገጹ 1000 እጥፍ ይሰፋል። ማዕዱ ያው ነው፤ ገበታው ግን 1000 እጥፍ ሰፋ። ሳሙናው የገበታ ማስፊያ ነው ማለት ይቻላል።

የቆየ ዕውቀት፣ የዘገየ ትኩረት

ረቂቃን ተሕዋስያን ከነዳጅ መኖር እንደሚችሉ የታወቀው ገና ድሮ ነው። የሆላንዱ ተመራማሪ ዞንገን በ1913 ቤንዚንና ፓራፊንን የመሳሰሉ ነገሮች ለተሕዋስያን ምግብ እንደሚሆኑ ጽፎ አሳትሟል። በካሊፎርኒያ የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም የነበረው ክሎድ ዞቤል ደግሞ በ1946 እስከዚያ ጊዜ የታወቀውን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ሰፊ ጽሑፍ አወጣ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ሁለት ነው፦ ነዳጅ መብላት የሚችሉ ተሕዋስያን በተፈጥሮ ውስጥ በየቦታው አሉ፤ ምን ያህል እንደሚበሉ ግን በነዳጁ ዓይነትና በአካባቢው ሁኔታ ይወሰናል።

ይህ በ1946 ተጽፎ ተቀምጧል። ሰሚ ያገኘው ግን ባሕሩ ከጠቆረ በኋላ ነው።

ሳሙናው ከዘይቱ ሲከፋ

መጋቢት 18 ቀን 1967 «ቶሪ ካንየን» የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከኮርንዎል ማዶ ካለ የባሕር ውስጥ አለት ጋር ተጋጨች። የጫነችው ከኩዌት የመጣ ወደ 119,000 ቶን ድፍድፍ ነዳጅ ነበር። የብሪታኒያ መንግሥት ግራ ተጋብቶ የቀረውን ነዳጅ ለማቃጠል መርከቧን በአውሮፕላን ደበደበ። በባሕሩና በዳርቻው ላይ ደግሞ ወደ 10,000 ቶን የሚጠጋ የፋብሪካ ማጽጃ ረጨ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። የዚያን ጊዜው ማጽጃ ለፋብሪካ ወለልና ለሞተር የተሠራ፣ ብርቱ መርዝነት ያለው ማሟሟያ የተጨመረበት ነበር። በፕሊመዝ የባሕር ባዮሎጂ ተመራማሪዎች ሥራቸውን አቁመው ዳርቻውን ሲያጠኑ፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩትን ፍጥረታት በብዛት የፈጀው ከዘይቱ ይልቅ ማጽጃው ሆኖ አገኙት። ማጽጃ ያልተረጨበት ዳርቻ በጥቂት ዓመታት ሲያገግም፣ በብዛት የተረጨበት ግን ከ10 ዓመት በላይ ወሰደበት።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ተለወጠ። ዘይቱን የሚበትን፣ ሕይወትን ግን የማይፈጅ ሳሙና ከየት ይገኛል? ባሕሩ ራሱስ ምን ያደርጋል?

የጎደለው ምን ነበር?

መልሱ በ1972 ከሁለት አቅጣጫ መጣ። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ሮናልድ አትላስና ሪቻርድ ባርታ የባሕር ውሃ ውስጥ ድፍድፍ ነዳጅ ጨምረው ተመለከቱ። ባክቴሪያዎቹ አሉ፤ ግን ሥራው አይፋጠንም። ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ሲጨምሩበት የነዳጁ መበላት እጅግ ጨመረ። ነገሩ ለገበሬ ልጅ ግልጽ ነው። ነዳጅ ካርቦንና ሃይድሮጂን ነው፤ ጉልበት ይሰጣል እንጂ አካል አያስገነባም። ባክቴሪያዋ ፕሮቲን ለመሥራት ናይትሮጂን፣ ዘረመሏን ለመገንባት ፎስፈረስ ያስፈልጋታል። ባሕር ውስጥ ሁለቱም ጥቂት ናቸው። እርሻው ሰፊ ነው፣ ዘሩም አለ፤ የጎደለው ማዳበሪያ ነው።

በዚያው ዓመት በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ራይስፌልድ፣ ዩጂን ሮዘንበርግና ዴቪድ ጉትኒክ ተመሳሳይ ነገር አዩ፤ አንድ ተጨማሪ ነገርም አገኙ። ከሜዲትራኒያን ባሕር የለዩት አንድ ባክቴሪያ ድፍድፉን ሲበላ ውሃው ውስጥ በደቃቁ ይበትነው ነበር። አር ኤ ጂ-1 ብለው ሰየሙት። በ1979 ቡድኑ ሥራውን የሚሠራውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣውና ኢመልሳን ተባለ። ኢመልሳን ከስኳር ሰንሰለት የተሠራ፣ የቅባት አሲድ የተንጠለጠለበት ግዙፍ ሞለኪዩል ነው፤ በጣም ጥቂቱ ብዙ ዘይት በትኖ ያቆያል።

አንዱ ግኝት ሁልጊዜ ይገርመኛል። ይህ ባክቴሪያ ከድፍድፉ ውስጥ የሚበላው ቀጥ ያሉትን ሰንሰለቶች፣ አልኬን የሚባሉትን ብቻ ነው። ጠብታው ላይ ተጣብቆ አልኬኑን ከጨረሰ በኋላ እንዴት ይላቀቅ? የኢመልሳን ካባውን እዚያው ጠብታው ላይ ጥሎ ይሄዳል። ካባው የቀረበት ጠብታ ላይ ሌላ አር ኤ ጂ-1 መጣበቅ አይችልም። ሮዘንበርግ እንዳስረዳው ካባው «እዚህ ተበልቶ አልቋል» የሚል ምልክት ሆነ ማለት ነው። ሳሙናው ገበታ ማስፊያ ብቻ ሳይሆን ገበታ ማንሻም ኖሯል።

የዚህ ባክቴሪያ ስም ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ተለውጧል። መጀመሪያ አርትሮባክተር፣ በኋላ አሲኔቶባክተር ካልኮአሴቲከስ፣ አሁን ደግሞ አሲኔቶባክተር ቬኔቲያነስ ይባላል። ስሙ ይለዋወጥ እንጂ ዘሩ አልጠፋም። በአሜሪካ የዘር ማኖሪያ ውስጥ በቁጥር 31012 ተመዝግቦ ተቀምጧል፤ ዛሬም ያስፈለገው ተመራማሪ ያንኑ ማስመጣት ይችላል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ፍርድ ቤት የቀረበው ባክቴሪያ

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የመረጠ ሰው ነበር። በሕንድ የተወለደው አናንዳ ቻክራባርቲ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሲሠራ፣ የተለያዩ የነዳጅ ክፍሎችን የሚሰባብሩ አራት ፕላዝሚዶችን በአንድ ሱዶሞናስ ውስጥ አሰባሰበ። በ1972 የፈጠራ ባለቤትነት ጠየቀ፤ ቢሮው «ሕያው ነገር አይመዘገብም» ብሎ መለሰው። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ሰኔ 16 ቀን 1980 ዳኞቹ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ለቻክራባርቲ ፈረዱ። ለዘመናዊው የባዮቴክኖሎጂ ንግድ በር የከፈተው ይህ ፍርድ ነው።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? ያ ዝነኛ ባክቴሪያ የፈሰሰ ነዳጅ ለማጽዳት ባሕር ላይ አልዋለም። ፍርድ ቤት አሸነፈ፤ ባሕር ግን አልወረደም። በሙከራ ቤት ያደገ እንግዳ፣ አገሩን ከሚያውቁ የባሕር ባክቴሪያዎች ጋር ተወዳድሮ መኖሩ ቀላል አይደለም። ደግሞም ባሕሩ የጎደለው በላተኛ አልነበረም።

አላስካ፦ ትልቁ ፈተና

መጋቢት 24 ቀን 1989 «ኤክሰን ቫልዲዝ» የተባለችው መርከብ አላስካ ውስጥ ከድንጋይ ጋር ተጋጭታ ወደ 41 ሚሊዮን ሊትር ድፍድፍ አፈሰሰች። መጀመሪያ ዳርቻውን በከፍተኛ ግፊት ሙቅ ውሃ አጠቡት። ሙቅ ውሃው ዘይቱን ቢያነሳም ከድንጋዩ ላይ ነፍስ ያለውንም አብሮ ቀቀለው።

በዚያው በጋ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትና ኩባንያው የ1972ቱን ዕውቀት ሞከሩት። ባክቴሪያ ከየትም አላመጡም። በዘይት በተለበጠው ድንጋይ ላይ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ያለበት፣ ከዘይት ጋር የሚጣበቅ ማዳበሪያ ረጩ። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው የተረጨበት ቦታ ከጥቁሩ ዳርቻ መካከል እንደተወለወለ መስኮት ነጥቶ ይታይ ጀመር። ከዚያ በኋላ ማዳበሪያው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆን ዳርቻ ላይ ዋለ። ያገሬው ባክቴሪያ የሚበላው ሲሟላለት እንደሚሠራ በግልጽ የታየው ያኔ ነው።

ግን ድሉን አናጋን። ጠጠር ስር ሰርጎ የገባው፣ አየርና ምግብ ያልደረሰው ዘይት ከአሥርተ ዓመታት በኋላም ሲቆፈር ተገኝቷል። ባክቴሪያ ተአምር አይሠራም፤ ሁኔታው ሲመቻች ብቻ ይሠራል።

ከነዳጅ በቀር የማይቀምሰው

በባሕር ላይ ዋነኛው በላተኛ ማን እንደሆነ የታወቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1998 ያኪሞቭ፣ ጎሊሺንና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ባሕር ከቦርኩም ደሴት አጠገብ የተገኘ አንድ ባክቴሪያ ለዓለም አስተዋወቁ። ስሙን አልካኒቮራክስ ቦርኩመንሲስ አሉት፤ «የቦርኩሙ አልኬን በላ» እንደማለት ነው። ይህ ፍጥረት ስኳር ብታቀርብለት ዞር ብሎ አያይም ቢባል ያስኬዳል፤ ኑሮው በሃይድሮካርቦን ላይ ነው። ከግሉኮስና ከቅባት አሲድ የተሠራ ሳሙናም ያመርታል። ንጹሕ ባሕር ውስጥ ቁጥሩ እዚህ ግባ አይባልም። ነዳጅ ሲፈስ ግን በቀናት ውስጥ ተራብቶ ሌላውን ሁሉ ይበልጣል።

ታዲያ ነዳጅ በማይፈስበት ጊዜ ምን በልቶ ይኖራል? አንዱ መልስ በ2015 ታትሟል። ባሕር ውስጥ በብርሃን የሚኖሩ ሳይኖባክቴሪያዎች ራሳቸው አልኬን ይሠራሉ፤ መጠኑም በዓመት ከ300 ሚሊዮን ቶን በላይ እንደሚሆን ተገምቷል። መርከብም ጉድጓድም ሳይኖር ባሕሩ የራሱ ስስ የነዳጅ ማዕድ አለው። በላተኛው የጠበቀው እኛን አልነበረም።

በ2023 ደግሞ የጃፓኑ የፁኩባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህ ባክቴሪያ ጠብታ ላይ ሲኖር በማይክሮስኮፕ ተከታትለውታል። ነዳጅ መብላት ሲለምድ ጠብታውን በስስ ሽፋን ይሸፍነዋል፤ ከዚያ ሽፋኑ ጠብታውን ጎርበጥ እያደረገ ቅርንጫፍ መሰል ጣቶች ያወጣበታል። ገጹ ይሰፋል፤ ብዙ ባክቴሪያም ባንዴ ይቀርባል። ይኸውላችሁ፣ አሁንም የገበታ ማስፊያ።

ያላለቀው ክርክር

ሚያዝያ 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ «ዲፕዎተር ሆራይዘን» የተባለው መቆፈሪያ ፈነዳ። 11 ሠራተኞች ሞቱ፤ ጉድጓዱም ለ87 ቀናት ሲፈስ ቆየ። የአሜሪካ መንግሥት ባለሙያዎች የወጣውን ወደ 4.9 ሚሊዮን በርሜል ገመቱት፤ ፍርድ ቤት በኋላ ወደ ባሕር የፈሰሰው 3.19 ሚሊዮን ነው ብሎ ወሰነ። ወደ 7 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ የፋብሪካ በታኝ ተረጨ፤ ከፊሉ ለመጀመሪያ ጊዜ 1,500 ሜትር ጥልቀት ላይ ወደ ጉድጓዱ አፍ ገባ።

ቴሪ ሄዘንና ባልደረቦቹ በዚያው ዓመት ባሳተሙት ጥናት ጥልቁና ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ነዳጅ በል ባክቴሪያዎች በፍጥነት መራባታቸውን አሳዩ። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በቤተ ሙከራ ባደረገው ሙከራ የፋብሪካው በታኝ የባክቴሪያዎቹን ስብጥር እንደለወጠና የነዳጁን መበላት እንዳላፋጠነ ዘገበ። ሌሎች ተመራማሪዎች በሙከራው መጠንና ሁኔታ ላይ ተከራክረዋል። ከቶሪ ካንየን ጀምሮ የተነሳው ጥያቄ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። «እንግዲያው የባክቴሪያውን ሳሙና ለምን አንጠቀምም?» ለሚል፣ ማምረቱ ውድ ነው፤ በባሕር ስፋት ማቅረብም ሌላ ነገር ነው። የእንዶዱን ቀንድ አውጣም አንርሳ፤ ከተፈጥሮ የመጣም ቢሆን በመጠኑና በቦታው ሳይፈተን አይለቀቅም።

ወደ እኛ ስንመለስ

«የባሕር በር የሌለው አገር ሰው ይህ ምን ይመለከተዋል?» የሚል አይጠፋም። የምንነዳው ነዳጅ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ አልፎ በጅቡቲ በኩል ይገባል። «ሳፈር» የተባለችው ያረጀች የነዳጅ ማከማቻ መርከብ በየመን ዳርቻ 1.1 ሚሊዮን በርሜል ይዛ፣ በጦርነቱ ምክንያት ጥገና አጥታ ለዓመታት ስትበሰብስ ነበር። ይህ ከኤክሰን ቫልዲዝ ፍሳሽ አራት እጥፍ ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት ነዳጁን ወደ ሌላ መርከብ ገልብጦ ያጠናቀቀው ነሐሴ 11 ቀን 2023 ነው። ያን ጊዜ በሰላም አለፈ። ቀይ ባሕር ውስጥ በላተኞቹ አሉ፤ ኮራሉ ግን እነሱ በልተው እስኪጨርሱ አይጠብቅም። ከሁሉ የሚበልጠው ማጽጃ ያለመፍሰስ ነው።

በቤታችን ያለውም ጉዳይ ቀላል አይደለም። በየጋራዡ የሚደፋው የተቃጠለ ዘይት ወደ አፈርና ወደ ወንዝ ይወርዳል። እዚያም ያገሬው ባክቴሪያ አለ፤ ምናልባትም ሳሙና የሚሠራ። አንዱን እኔ ራሴ ይዤው ነበር።

አሁን ወደ ቁጥር 31012 ልመለስ። የቴል አቪቩ ባክቴሪያ ከ50 ዓመት በላይ ሲጠና የኖረው ከሁሉ ስለሚበልጥ ብቻ አይደለም፤ ስለተቀመጠም ጭምር ነው። አንድ ሰው ለየው፣ ጻፈው፣ አኖረው፤ ሌላው ከዚያ ቀጠለ። የእኔ ግን ሲንክ ውስጥ ገባ። ወረቀቴ ላይ እንኳን «አንዱ ብልቃጥ ተበላሸ» ከማለት በቀር አልጻፍኩም። ስንቶቻችን ነን እንዲህ ያደረግነው? በየዓመቱ ከየአፈሩና ከየሐይቁ ባክቴሪያ የሚለይ ተማሪ አለ፤ ይመረቃል፤ ሳህኑ ይታጠባል፤ የሚቀጥለው ተማሪ ከዜሮ ይጀምራል።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና፣ ለእኛ ለቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። መምህራን ሆይ፣ ተማሪ ከመመረቁ በፊት የለየውን ዘር በግሊሰሪን አቀዝቅዞ፣ ከየት እንዳመጣውና ምን እንዳየ ጽፎ ያስረክብ፤ የተበላሸ የመሰለውንም ጭምር። እኛ ደግሞ ለመገናኛ ድግሱ ከምናዋጣው ላይ ቀንሰን ለትምህርት ክፍሉ አንድ ጥልቅ ማቀዝቀዣና መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ጄኔሬተር ብንገዛስ? ኬኩ ቢቀንስ ማንም አይከፋም፤ የእኛ ዕድሜ ሰዎች ስኳር እየተከለከልን ነው።

ጋሼ ዛሬ በሕይወት የሉም። ቢኖሩ ኖሮ «ያ ወተት የመሰለው ነገር ምን ነበር?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ ነበረኝ። ብልቃጡ ግን የለኝም።